ልጁ 18 ሳይሞላው መሠራት ያለበት ሥራ

ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱ ከቤቶቹ ጋር አብሮ የሄደ፣ ማንም ያልመዘገበው አንድ ንብረት አለ፦ ሰፈርተኛው አካል ጉዳት ስላለበት ልጅ የሚያውቀው ነገር። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት የ16 ዓመት ልጅ ብቻውን ሱቅ ሄዶ ዳቦና ዘይት ገዝቶ ይመለስ ነበር እንበል። ባለሱቁ ያውቀዋል፤ ብሩን ከእጁ ይቀበልና መልሱን ቆጥሮ ኪሱ ውስጥ ይከትለታል። መንገድ ቢስት ጥጉ ላይ ያለው ሊስትሮ "ቤታችሁ በዚያ ነው" ብሎ ይመልሰዋል። ቤተሰቡ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሲዛወር ይኸው ልጅ ከበር አይወጣም። እናት "ልጄ ወደ ኋላ ተመለሰብኝ" ትላለች። አልተመለሰም። ድሮም ብር መቁጠርና አቅጣጫ መለየት አልተማረም፤ የሚቆጥርለት ባለሱቁ፣ አቅጣጫ የሚለይለት ሊስትሮው ነበር።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ መሀል አዲስ አበባ በፍጥነት እየተለወጠ ነው። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ በብዙ ቦታ ለዓይነ ስውራን የሚሆን ጎርበጥ ያለ ቢጫ ንጣፍ ተነጥፎበታል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሌላ በኩል ብዙ ቤተሰብ ሳያውቀው ሲደገፍበት የኖረው ጉርብትና ተበትኗል። ስለዚህ አካል ጉዳት ያለበትን ልጅ ለአዋቂነት ማዘጋጀት ሲባል መለኪያው "የሚያውቀው ሰው በሌለበት ቦታ ምን ይችላል?" የሚለው መሆን አለበት። ቤት ውስጥ የሚችለው ነገር ገና ግማሽ መንገድ ነው።

ራስን መቻል ደግሞ ሁሉን ነገር በገዛ እጅ መሥራት አይደለም። እጁ የማይታዘዝለትና ሸሚዙን መቆለፍ የማይችል ወጣት የትኛውን ሸሚዝ እንደሚለብስ ከወሰነ፣ ማን እንደሚያግዘው ከመረጠና እንዴት እንደሚያግዘው ከተናገረ ራሱን ችሏል። ቁልፉን ራሱ እየቆለፈ ልብሱን ግን በ20 ዓመቱም እናቱ የምትመርጥለት ልጅ ገና ነው።

እጅ መሰብሰብ

አሥራ አራት ዓመት ጥሩ መነሻ ነው። አንድ የኑሮ ክህሎት፣ ለምሳሌ ታክሲ መሳፈር ወይም ምሳ ማብሰል፣ የመማር ችግር ላለበት ልጅ ብዙ ወር ይፈልጋል፤ እስከ 18 የቀረው አራት ዓመት ሲከፋፈል ብዙ አይደለም። ቤተሰብ የሚዘገየው ስለማይወድ አይደለም። ለልጁ ጫማ ማሰር አንድ ደቂቃ ይፈጃል፣ እሱ እስኪያስር መጠበቅ ስምንት ደቂቃ፤ ጠዋት ደግሞ ሰርቪሱ ጥሩንባ እየነፋ ነው። መፍትሔው አዲስ ክህሎት በጠዋት አለማስተማር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ማንም በማይቸኩልበት ጊዜ ይጀመር።

ሽሮን እንውሰድ። ለሁለት ሰው አንድ መካከለኛ ሽንኩርት፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ግማሽ ሊትር ውሃ፣ ስድስት የሾርባ ማንኪያ ሽሮና ጨው ያስፈልጋል። ማንበብ ለማይችል ልጅ "ግማሽ ሊትር" የሚባል ነገር የለም፤ አንድ የፕላስቲክ ማሰሮ ላይ ቀይ ፕላስተር ይለጠፍና "ውሃው እስከዚህ" ይባላል። ሽሮው በፈላ ውሃ ላይ በቀጥታ ከተነሰነሰ ይጓጉላል፤ ልጁም "አልችልም" ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ አስቀድሞ በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ይበጥብጠው። ሽሮ ሲንተከተክ ይፈናጠቃል፣ እጅ ያቃጥላል፣ አንዴ የተቃጠለ ልጅም ከምድጃው ይሸሻል፤ ከማማሰሉ በፊት ሙቀቱን መቀነስ ራሱን የቻለ ደረጃ ሆኖ መማር አለበት። እጁ ለሚደክም ልጅ ከመክተፊያው ሥር እርጥብ ጨርቅ ቢነጠፍ አይንሸራተትበትም። ለዓይነ ስውር ልጅ ደግሞ የምድጃው ማዞሪያ "ጠፍቷል" በሚለው ቦታ ላይ በጣት የምትዳሰስ የጥፍር ቀለም ጠብታ ይደረግበት፤ ሲደርቅ ጎላ ትላለች።

አንድ የእኛው ከተማ አደጋ አለ። መብራት በመሀል ይጠፋል፣ ልጁ ድስቱን ትቶ ይወጣል፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ መብራቱ ሲመጣ ምድጃው ባዶ ቤት ውስጥ ይግላል። "መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ማዞሪያውን ዝጋ" የሚለውን መብራቱ እስኪጠፋ ጠብቆ ማስተማር አይቻልም፤ ወላጅ ቆጣሪውን ሆን ብሎ እያጠፋ ማለማመድ አለበት።

ሥራው በአሥር ወይም በአሥራ ሁለት ደረጃ ከተከፋፈለ በኋላ ማስተማሩ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ቢጀመር ይሻላል። ወላጅ እስከ መጨረሻው ሠርቶ ምድጃውን ማጥፋትና እንጀራው ላይ ማውጣቱን ለልጁ ይተውለታል። ያ ሲለመድ ከመጨረሻው አንድ ቀደም ያለው ደረጃ ይጨመራል። ልጁ በየቀኑ ሥራውን ራሱ ስለሚጨርሰው ውጤቱን ወዲያው ይበላል፤ ከሽንኩርት ከተጀመረ ግን ያለቀሰበት ብቻ ይቀርበታል።

እገዛውም ደረጃ አለው፦ እጅ ይዞ ማሠራት፣ በጣት ማመልከት፣ በቃል ማስታወስ፣ ዝም ብሎ መጠበቅ። ወላጆችን የሚያታልለው ሦስተኛው ነው። "አሁን ጨው ጨምር" የሚል ድምፅ እገዛ አይመስልም፤ ከእገዛ ሁሉ ለመተው የሚያስቸግረው ግን እሱ ነው። ልጁ ድምፁን የሥራው አንድ ክፍል አድርጎ ይይዘዋል፤ እናቱ ዝም ካለች እጁን አጣጥፎ ይቆማል። በድምፁ ፋንታ የየደረጃው ፎቶ በሞባይል ተነሥቶ፣ ታትሞ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ። ልጁ ሲቆም በልብ እስከ አሥር ይቆጠርና ከዚያ ፎቶው በጣት ይጠቆም። አሥር ሰከንድ ዝም ማለት ለእናት ዓመት ነው፤ የትምህርቱ ዋና ክፍል ግን እሱ ነው።

ወራጅ አለ

ከቤት ውጪ ያለው ፈተና ታክሲ ነው። ከፒያሳ ሜክሲኮ ለመሄድ ልጁ ማወቅ ያለበት ሲዘረዘር ይገርማል፦ ሰልፉ የትኛው እንደሆነ መለየት፣ ከመግባቱ በፊት "ሜክሲኮ?" ብሎ ማረጋገጥ፣ ሒሳቡን ቀድሞ በእጁ መያዝ፣ ከፍሎ መልስ መጠበቅ፣ ከመውረጃው በፊት ያለውን ምልክት ማወቅ፣ "ወራጅ አለ" ማለት፣ ወርዶም በቆመው ታክሲ ፊት ለፊት አለመሻገር። መናገር ለማይችል ልጅ "ወራጅ አለ" የሚለውን በስልኩ ቀድቶ በአንድ ቁልፍ የሚያሰማ ወይም መቀመጫውን የሚያንኳኳ ዘዴ ይፈለግ፤ ከረዳቱ ጎን ያለው ወንበር ለዚህ ይመቻል።

ወላጅ የሚርቀው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ጎኑ ይቀመጣል፣ ከዚያ ከኋላው ወንበር፣ ከዚያ በሌላ ታክሲ ይከተላል፣ በመጨረሻ ሜክሲኮ ቆሞ ይጠብቃል። በተከታታይ አምስት ጊዜ ያለ እገዛ ካልተሳካ ወደሚቀጥለው አይታለፍ። ሲሳካም ገና ነው። ልጁ የተማረው ቀናውን መንገድ ብቻ ከሆነ መንገድ የተዘጋ ዕለት ይጠፋል፤ መሀል ከተማ ላይ ደግሞ መንገድ በግንባታ መዘጋት፣ ታክሲውም "እዚህ ነው መጨረሻው" ብሎ ማራገፍ የተለመደ ነው። ስለዚህ ሆን ተብሎ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ማውረድ፣ ሌላ ቀን ሒሳቡን ማጉደል፣ ሌላ ቀን ስልኩን ማጥፋት የልምምዱ አካል ይሁን። ለጠፋበት ጊዜ አንድ ሕግ ይበቃዋል፦ መንቀሳቀስ አቁም፣ በሩ ላይ ጥበቃ ያለበት ቦታ ግባ፣ ካርዱን አሳይ። ካርዱ ላይ ሁለት ስልክ ቁጥር ይጻፍ እንጂ የቤት አድራሻ አይጻፍ፤ ካርዱን የሚያነብ ሰው ሁሉ ደግ አይደለም።

በዊልቸር ለሚሄድ ሚኒባስ እምብዛም አማራጭ አይሆንም። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ቀላል ባቡር ከስታዲየም በለገሀር፣ ሜክሲኮና ተግባረ ዕድ አድርጎ እስከ ልደታ ሁለቱን መስመሮች በአንድ ሐዲድ ያስኬዳል፤ ለመሀል ከተማ ልጅ ትልቅ ዕድል ነበር። ነገር ግን ከፍ ብለው የተሠሩት ጣቢያዎች አሳንሰር ሲበላሽ ባቡሩ ለእሱ የለም ማለት ነው። በመሆኑም በስልክ የሚጠራ የራይድ ወይም የፈረስ ታክሲ ወጪ ከወር በጀቱ ውስጥ ገብቶ አስቀድሞ ይሰላ። ብዙ ወጣት ሥራ የሚያቆመው ሥራው ከብዶት ሳይሆን ደመወዙ ለመጓጓዣ አልበቃ ብሎት ነው።

ብር፣ ስልክና "እምቢ" ማለት

መቀነስ ለማይችል ልጅ ሒሳብ ማስተማር ተትቶ አንድ ዘዴ ይለመድ፦ ከተባለው ዋጋ በላይ ወዳለው አሥር ቤት ከፍሎ መልስ መጠበቅ። ሠላሳ ሰባት ከተባለ አራት የአሥር ብር ኖት። የ200 ብር ኖት በኪሱ አይያዝ፤ መልስ ሲጭበረበር ኪሳራው ትልቅ ነው። የኪስ ገንዘቡ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሰጠው፤ ማክሰኞ ከጨረሰ እስከ ቅዳሜ አይጨመርለት። ይህን ብዙ አባቶች ጭካኔ ነው ብለው ይፈሩታል፤ በ15 ዓመት በ100 ብር የተማረው ግን በ25 ዓመት በደመወዙ ከሚማረው ይረክሳል።

ቴሌብር ለዓይነ ስውርም፣ መስማት ለተሳነውም፣ ኖት መለየት ለሚቸግረውም ብዙ አቃልሏል። የሚያስፈራው የምስጢር ቁጥሩ ነው። ሰው ማስደሰት የሚወድ ልጅ ደውለው "ሽልማት ደርሶሃል" ሲሉት ይነግራቸዋል። ዘመድ ልጁ በማያውቀው ቁጥር ደውሎ እየጠየቀ ያለማምደው፤ በሒሳቡም ከአንድ ሳምንት ወጪ በላይ አይቀመጥ።

ስልኩ ላይ የሚታየው ድክመት በሰውነቱም ላይ አለ። ሁልጊዜ "እሺ" እንዲል ያደገ ልጅ ለአጥቂ የተመቸ ነው። "ታዛዥ ነው" ተብሎ የሚመሰገነው የ14 ዓመት ልጅ "አይሆንም፣ አትንካኝ" ማለትን መለማመድና ሲልም መከበር አለበት፤ ቤት ውስጥ አክስቱን መሳም አልፈልግም ሲል ተቆጥተን ውጪ እምቢ እንዲል መጠበቅ አይቻልም። መጸዳጃ ቤት የሚያግዘው ሰው በስም ይታወቅ፣ ቁጥሩም ይነስ። ለልጃገረዶች ሞዴስ መቀየር የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ይለመድ፤ መቀየሪያው ሰዓትም በስሜት ሳይሆን በትምህርት ቤት እረፍት ሰዓት ይታሰር።

የሚጥል በሽታ ያለበት ወጣትም የመድኃኒቱን ስምና መጠን በቃሉ ይወቅ፤ ሐኪም ሲጠይቅ መጀመሪያ እሱ ይመልስ፣ እናት ትጨምርበት። የሰባት ቀን ክፍል ያለው የመድኃኒት ሳጥን እሑድ ማታ በራሱ እጅ ይሙላ። መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ በራሱ ከባድ መንፈራገጥ እንደሚያመጣ ማወቁ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ሥራ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጠርም፤ ከ15 እስከ 18 ያለው በቀን ከ7 ሰዓት በላይና በሌሊት አይሠራም። ይህ የሦስት ዓመት ክፍተት ለመሞከሪያ ይጠቅማል። ማተሚያ ቤት ወረቀት ማጠፍና መደርደር፣ ዳቦ ቤት ማሸግ፣ ካፌ ዕቃ ማጠብ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ላሚኔት ማድረግ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ይበቃል። ሙከራው ማብቂያ ቀን ይኑረው። "ልምምድ ላይ ነው" እየተባለ ያለ ክፍያ ዓመታት የሚሠሩ ወጣቶች አሉ፤ ቤተሰብም ቢያንስ ይውላል ብሎ ዝም ይላል። ለተቀጠረ ሰው ሕጉ የሚፈቅደው የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ብቻ ነው።

ሥራ የሚያስጥለው ብዙ ጊዜ ሥራው ራሱ አይደለም። የሰጡትን ጨርሶ "ጨረስኩ" አለማለት፣ ከምሳ በሰዓቱ አለመመለስ፣ ደንበኛን ማቀፍ፣ ሲሳሳት መደበቅ ነው። እነዚህ ቤት ውስጥ ይለመዳሉ፤ ዕቃ ሲያጥብ ሲጨርስ መጥቶ ይንገር።

ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሚገባ ከሆነ ከመመዝገቡ በፊት ወርክሾፑን ሄዶ ያየው፤ ቢሮው ምድር ላይ ሆኖ ማሽኖቹ ሁለተኛ ፎቅ ሊሆኑ ይችላሉ። ለብቃት ምዘናው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ወይም ተጨማሪ ጊዜ የሚያስፈልገው ከሆነ በጽሑፍ፣ ቀድሞ፣ በደብዳቤ ቁጥር ይጠየቅ። በቃል የተጠየቀ ነገር በምዘናው ቀን የሚያስታውሰው አይገኝም።

የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ብዙ ቤተሰብ ከሚያስበው ይበልጣል፦ ተመሳሳይ ወይም ተቀራራቢ ውጤት ያመጣ አካል ጉዳተኛ ተወዳዳሪ ቅድሚያ ያገኛል፤ አሠሪው የሥራውን ሁኔታ የማመቻቸት ግዴታ አለበት። አዋጁን የሚያውቅ የሰው ሀብት ሠራተኛ እምብዛም ስለሌለ ግልባጩን ከማመልከቻው ጋር ማያያዝ አይጎዳም። በዊልቸር የሚሄድ ሰው የሥራ ቦታውን ለማየት ሜትር ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል። ራምፕ ለእያንዳንዱ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከወጣ በኋላ በተሠሩ ብዙ ሕንፃዎች ራምፕ አለ፤ ግን አንዳንዱ ቁልቁል ነው፣ ሌላው ላይ የጥበቃው ወንበር ተቀምጦበታል።

የልደቱ ዕለት

በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) 18 የሞላው ሰው አካለ መጠን ደርሷል፤ ወላጅ ከዚያን ዕለት ጀምሮ በልጁ ስም የመፈረም ሥልጣን የለውም። የጉዳቱ ክብደት ይህን አይለውጠውም። ቤተሰብ ይህን የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ባንክ መስኮት ላይ ነው።

ያኔ አንድ ሰው "ፍርድ ቤት ሄዳችሁ አስከልክሉት" ይላል፤ በራሱ መፈረምና መወሰን እንዳይችል በፍርድ አሳግዱት ማለቱ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በፍርድ የተከለከለ ሰው ለአካሉም ለንብረቱም እንደ ሕፃን ይቆጠራል፤ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ አያገባም፣ ኑዛዜም ማድረግ አይችልም። አንድን የባንክ ሒሳብ ለማንቀሳቀስ ሲባል የሰውን ዕድሜ ልክ መብት መዝጋት ከባድ ዋጋ ነው፤ ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ካጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት መንፈስም ጋር ይጋጫል። ለአንዳንድ ቤተሰብ ሌላ መንገድ አይኖርም ይሆናል። ብዙው ግን ውክልናን ሳይሞክር ነው ወደዚያ የሚሮጠው። ወጣቱ ምን እንደሚሰጥና ለማን እንደሚሰጥ በራሱ አገላለጽ ማስረዳት ከቻለ ለአንድ ጉዳይ ብቻ የሚያገለግል ልዩ ውክልና ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ መስጠት ይችላል። ሠራተኛው እሱን ነው የሚጠይቀው። ቤት ውስጥ በቀላል አማርኛ፦ "እማዬ ከባንክ ብር ታወጣልኛለች፤ ቤት ግን አትሸጥብኝም" እያለ ይለማመድ።

ዓይነ ስውራን ሌላ መሰናክል አለባቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የዓይነ ስውር ፊርማ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ስለሚል ባንኮች ምስክር አምጣ ይላሉ። ሊጠብቀው የታሰበ አንቀጽ ነበር፤ አሁን ወጣቱ ደመወዙን እንኳ ሰው አስከትሎ እንዲያወጣ ያደርገዋል። ሒሳቡ ሲከፈት የኤቲኤም ካርድና የሞባይል ባንኪንግ አብሮ መጠየቅ ወደ መስኮቱ የሚሄድበትን ቀን ይቀንስለታል።

ወረቀቶቹ በ17 ዓመቱ ይጠናቀቁ። የልደት ካርድ፣ የትምህርት ማስረጃና የፋይዳ መታወቂያ ላይ ስሙና የትውልድ ቀኑ አንድ ዓይነት መሆኑ ይታይ፤ በእንግሊዝኛው የአንድ ፊደል ልዩነት ስንት ወር እንደሚያመላልስ የሞከረ ያውቀዋል። ለፋይዳ የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል ይወሰዳል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ዓይኑን ለካሜራ ከፍቶ ለአምስት ሰከንድ መቆየትን አስቀድሞ በሞባይል ይለማመድ፤ ወደ ጣቢያው የሚሄደውም ሰልፍ በማይበዛበት ሰዓት ይሁን።

ወላጅ ከሌለ

መሀል ከተማ ላይ ብዙ ሰው አሁንም በቀበሌ ቤት ይኖራል። የልጁ ስም በቤተሰብ ቅጹ ላይ መኖሩ ዛሬ ይረጋገጥ፤ ወላጅ ካለፈ በኋላ ማስገባት ክርክር ነው። የራስ ቤት ያለው ደግሞ ቤቱን ለልጆቹ ሁሉ በባለቤትነት አውርሶ አካል ጉዳት ላለበት ልጅ ዕድሜ ልክ የመኖር የአላባ መብት (ባለቤት ሳይሆኑ በንብረቱ የመጠቀም መብት) በኑዛዜ መስጠት ይችላል፤ ወንድምና እህት ቤቱን ቢካፈሉም እሱ አይወጣም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ካለ ሁለት ምስክር ይበቃል። በራስ እጅ የሚጻፈው ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተናዛዡ እጅ መሆን አለበት፤ ኮምፒውተር ቤት ተጽፎ የተፈረመ ወረቀት የእጅ ኑዛዜ አይሆንም።

ወንድምና እህት በዝምታ ነው የሚታጩት። ማንም ሳይጠይቃቸው "እሷ ትይዘዋለች" ይባላል፤ እሷ ግን ትዳር ይዛ ውጭ አገር ልትሄድ ትችላለች። ሁሉም ተቀምጠው፣ እሱም ባለበት፣ ማን የሕክምና ቀጠሮውን፣ ማን ገንዘቡን፣ ማን የእሑድ ምሳውን እንደሚይዝ በስም ይከፋፈሉ። ከማን ጋር መኖር እንደሚፈልግ መጀመሪያ እሱ ይጠየቅ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ ከተጠበቀው የተለየ ነው።

እድርም አለ። የብዙ እድሮች መተዳደሪያ ደንብ ልጅን በወላጅ አባልነት የሚሸፍነው እስከ ተወሰነ ዕድሜ ወይም እስኪያገባ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለ ያላገባ አካል ጉዳተኛ የት እንደሚወድቅ ግልጽ አይደለም። በጠቅላላ ጉባኤ አንሥቶ የልጁ ስም እንደ ራሱ አባል እንዲመዘገብ ማድረግና ወርሃዊ መዋጮውን ራሱ ሄዶ እንዲከፍል ማለማመድ ይቻላል። የተወሰነበትን ቃለ ጉባኤ ማኅተም ያለበትን ቅጂ መቀበልም አይረሳ፤ የእድር ዳኛና ጸሐፊ ይቀያየራሉ።